የዋስ ዓምድ

ቡዌናቬንቱራ፣ ዝናብ በማይጠግበው ወደብ፣
ሥራዬ ቁልፍ ነው፣ ቁልፍና አንድ አረንጓዴ መዝገብ።
ማስተማሩ የሌላ ነው፤ እኔ ኖታ አላነብም፣
ጉንዳን ሲሄድ እንጂ ዜማ አይመስለኝም።
መቶ አስራ አንድ ዕቃ አለኝ፤ ቫዮሊን፣ ክላርኔት፣ ቼሎ፣
አንድ ቱባ፣ ሆዱ የጎደጎደ፣ ከመርከብ የወደቀ መስሎ።

ልጅ ሊዋስ ሲመጣ፣ ዓምድ በዓምድ እሞላለሁ፤
ስም፣ ሰፈር፣ ቁጥር፣ ቀን። አምስተኛው ላይ እቆማለሁ።
"ዋስ" ይላል። ፊርማ ይሻል፣ ዕድሜው ከሃያ አንድ የላቀ።
ዊልበር ከንፈሩን ነከሰ፤ ዓይኑ ወለሉ ላይ ወደቀ።
አባቱ መርከብ ተከትሎ፣ እናቱ ሸርጣን ልትለቅም፣
ወንድሙ...
ስለ ወንድሙ በዚያ ሰፈር አይጠየቅም።

"ኔሬይዳ" ብዬ ጻፍኩ፣ የራሴን ስም፤ በደንቡ አይፈቀድም።
ከመቶ አስራ አንዱ ለአርባ ሦስቱ ዋሱ እኔ ነኝ፤ ማንም አላወቀም።

"ይኼ ልጅ ምት ያውቃል!" አለኝ ዶን ኤሚግዲዮ ተደንቆ።
ያውቃል እንጂ! ከቤቱ ነው የተማረው፣ ከግድግዳ ተጣብቆ።

እውነቱን ልናገር፤ ግማሹ የሚመጣው ለዜማ አይደለም፤
አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዳቦ አለ፣ የዘይቱን ማርማላታ ያለበት። በዚህ አላፍርም።
ከዋና ከተማ እንግዳ ሲመጣ፣ ካሜራ አንግቶ በደረቱ፣
ትሪውን ገፋ ያደርጋል፣ ቫዮሊን ብቻ እንዲታይ ከፊቱ።

ትራምፔቷ፣ ስልሳ ሦስት ቁጥር፣ ሁለቴ መያዣ ሆናለች፤
ሁለቴም በኔ ደመወዝ ከባለሱቁ እጅ ተፈታለች።
ዳያኒስን አልተቆጣኋትም፤ እናቷ ስኳር አለባት፤
ሰው ተወግቶ በሚሞትበት ሰፈር፣ እሷን መወጋት ነው የሚያድናት።

ከኛ ሰፈር እስከ ድልድዩ አንዲት የማትታይ መስመር አለች፣
ማን እንዳሰመራት አይነገርም፤ የረገጣትን ግን ታውቃለች።
ዊልበር ቼሎውን ተሸክሞ ያልፋት ነበር ማታ ማታ፣
"ቀንድ አውጣው መጣ" ይሉ ነበር ባለ ጠመንጃዎቹ በፈገግታ።

አንድ ማታ አልሳቁም።

በማግስቱ ቼሎው ብቻ መጣ፣ በዓሣ ሻጭ ጋሪ ተጭኖ፣
ሁለት ክር ተበጥሶ፣ ማኅደሩ በጭቃ ተከድኖ።
"ልጁስ?" አልኳት።
"ድልድይ ሥር ያገኘሁት ይኼን ነው" አለች፤ ጋሪዋን ገፍታ ሄደች።

ስሙ ላይ ቀይ መስመር አስምሪ ይላል ደንቡ፣ ዕቃው ሲመለስ፤
እዚህ መስመር በዝቶብናል፤ እጄ እምቢ አለ፣ ቀለሙም አልፈስ።

አስራ አራት ወር።
እዚህ ክረምትና በጋ የለም፤ ዝናብ ብቻ ነው፣ ወር አይለይም።

ማክሰኞ ነው። በሩ ላይ ቆመ፣ ሱሪው አንሶት፣ ድምፁ ወፍሮ።
"ዳቦ አለ?" አለኝ። ሦስት በላ ቆሞ፣ በሩን በዓይኑ አጥሮ።
የት እንደነበር አልጠየቅኩም፤ እሱም አልነገረኝም ያን ቀን።
ከዚያም ወዲህ።
"ዘጠኝ ቁጥርስ?" አለ ቀጥሎ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ።
መዝገቤን ገለጥኩ።
ስም፣ ዊልበር። ሰፈር፣ "እሱን ተይው" አለኝ።
ዋስ?
ጫማውን አላየም እንደ ድሮው። አገጩን ወደ መደርደሪያው ቀና አድርጎ፣
"እሱ" አለኝ።

"እንዴት ተብሎ?" አልኩ ስስቅ፤ "የተዋሱት ዕቃ እንዴት ዋስ ይሆናል?"
"እኔ ስጠፋ እሱ ተመልሷል፤ ሰው ቢሆን ይህን ያህል ይታመናል?"

ጻፍኩት። ተቆጣጣሪው አይቶ ይጮኻል፤ ይጩኽ።

አሁን ከጓዳው ይሰማኛል። ቅኝቱ ገና አልያዘም፤
ሁለቱ ክር አዲስ፣ ሁለቱ አሮጌ፤ ባንድ ጀምበር አይስማሙም።